ግድግዳው የማን ነው?

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ብዙዎቻችንን ከእንቅልፋችን ቀስቅሶናል። እኔም ጋቢዬን ደርቤ ወደ ውጭ ሮጥኩ። ልቤ ሲረጋ የቆምኩበትን ባስተውል፣ ከምከራይበት አሮጌ የጡብ ቤት ግድግዳ ሥር፣ መንገዱ ዳር ነው። ሞትን ሸሽቼ ሞት ሊወርድበት ከሚችል ቦታ ቆሜያለሁ። ከዚያን ዕለት ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎኛል፤ ነገ ሊወድቅ የሚችል፣ ምናልባትም በዕድሜያችን የማይወድቅ ግድግዳ ያለው ሰው፣ ከሥሩ ለሚያልፈው መንገደኛ ምን ዕዳ አለበት?

የጡብ ግንብ ከላይ የሚጫነውን በሚገባ ይሸከማል። ወደ ጎን ሲገፉትና ሲጎትቱት ግን አቅም የለውም። በውስጡ ብረት ከሌለ፣ ከወለሉና ከጣሪያውም ጋር ካልታሠረ፣ ምድር ስትወዛወዝ ከቤቱ ተለይቶ ወደ ውጭ ሊወድቅ ይችላል። ውጭ ደግሞ መንገድ ነው።

ይህን የኒውዚላንዷ ክራይስትቸርች በሚገባ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 4 ቀን 2010 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ በሬክተር 7.1 የተለካ መንቀጥቀጥ ብዙ የጡብ ግድግዳ ሲያፈርስ፣ መንገዱ ጭር ብሎ ስለ ነበር በፍርስራሽ ተጭኖ የሞተ ሰው አልነበረም። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2011 ግን፣ በመጠኑ ያነሰ ሆኖ ለከተማዋ የቀረበ ሌላ መንቀጥቀጥ በምሳ ሰዓት መጣ። 185 ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህ 42ቱን የገደሉት ብረት የሌላቸው አሮጌ ግንቦች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ሟቾች በእግረኛ መንገድ ላይና በተሽከርካሪ ውስጥ የነበሩ ናቸው።

እንግዲህ ግድግዳው በሌሊት የወደቀበት ሰው ንጹሕ፣ በቀን የወደቀበት በደለኛ ሊባል ነውን? የሁለቱ ልዩነት የሰዓት እንጂ የምግባር አይደለም። ዕዳው የሚጀምረው ግድግዳው ሲወድቅ ሳይሆን አደጋው ሲታወቅ ይመስለኛል።

ነገር ግን ፍርዱ እንዲህ ቀላል አይደለም። አከራዬ እትዬ ከእኛ ከተከራዮች በቀር ገቢ የላቸውም። «ቤቱን አጠናክሪ» ቢባሉ ወይ ኪራይ ይጨምራሉ፣ ወይ ቤቱን ይሸጡታል። ያን ጊዜ እኔም ጎዳና ላይ ነኝ። መቼ እንደሚመጣ ለማይታወቅ አደጋ ሲባል የዛሬ መጠለያ ማሳጣትም በደል ነው።

ሆኖም እኔ በርካሽ እያደርኩበት ነው፤ እትዬም ይኖሩበታል። መንገደኛው ግን ከቤቱ ያገኘው ጥቅም የለም፤ ልምረጥ አልምረጥም አልተባለም። ስለዚህ ቅድሚያው የእሱ መሆን አለበት። ከጣሪያ በላይ የቆመውን ግንብ በብረት መያዝና ግድግዳውን ከወለሉ ጋር ማሠር፣ ሕንፃውን ከሥር እስከ ላይ የማደስን ያህል ወጪ አይጠይቅም። የኒውዚላንድ መንግሥት በ2017 እ.ኤ.አ. ዌሊንግተንን ጨምሮ በአንዳንድ ከተሞች፣ ሰው በሚበዛባቸው መንገዶች ዳር ያሉት እንዲህ በአንድ ዓመት እንዲታሠሩ ሲያዝ፣ ከወጪው ከፊሉን ሸፍኗል። መንገዱ የሁሉም ከሆነ፣ ዕዳውን እትዬ ብቻቸውን መሸከም የለባቸውም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ስንል ቅጠሉን ማን ይቁረጥ የሚለውን አናነሣም። ኪራዩ ጥቂት ቢጨመርብኝ ማጉረምረሜ አይቀርም፤ እከፍላለሁ ግን። በየጧቱ በዚያ ግድግዳ ሥር ተማሪዎች ያልፋሉ።