መለየት ምሕረት የሚሆነው መቼ ነው?

ሰውን ከሰው ለይቶ ማስቀመጥ ከሁለት አሳብ ይመነጫል። አንደኛው የተለየው እንዲጠቀም ነው፤ ሁለተኛው የቀሩት እንዳይታወኩ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ክፍሉም አንድ፥ በሩም አንድ፥ የሚገባበትም ልጅ አንድ ነውና። በእግዚአብሔር ፊት ግን የመጀመሪያው ምሕረት ሲሆን ሁለተኛው ስደት ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ መስማት ወይም ማየት ለተሳናቸው፥ የአእምሮ ዕድገታቸውም ለዘገየ ልጆች ስለሚከፈቱት ልዩ ክፍሎች፥ ይልቁንም እነዚህ ልጆች ወደ 7ኛና ወደ 8ኛ ክፍል ስለሚሻገሩበት ጊዜ፥ ይህን ልዩነት ይዘን ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

ነገሩን እንድናስብ ያደረገችን አንዲት እናት ናት። ከጎንደር በስተ ደቡብ፥ ከአዘዞ አልፎ በባሕር ዳር መንገድ ላይ ባለችው በፀዳ፥ ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ልትሳለም ቀረበች። ልጇ መስማት የተሳነው ነው፤ እስከ 6ኛ ክፍል በልዩ ክፍል ተምሮአል፤ ከዚህ በኋላ ግን አባቱ፥ «ይበቃዋል፤ ከብት ይጠብቅልኝ» ብሎአል። እኛም እንደ ልማዳችን፥ «ጠበል ውሰጂው፤ እግዚአብሔር ያውቃል» አልናት። እርስዋም አንገትዋን ዝቅ አድርጋ፥ «አባታችን፥ ጠበሉንስ እወስደዋለሁ፤ ትምህርቱን ምን ላድርገው?» አለችን። የምንመልሰው አጣን። ጠበሉ መልካምና ቅዱስ ነው፤ እኛ ግን ከጥያቄዋ ማምለጫ አደረግነው። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ያን ቀን ያልሰጠናትን መልስ ፈልገን ነው።

አስቀድመን ከልባችን ልናወጣው የሚገባ አሳብ አለ። ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ፥ የበደለው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ጌታን ጠየቁት፤ ጌታም ሁለቱንም አልተቀበለም (ዮሐ. 9፥1-3)። ይህ ከተነገረ ወደ ሁለት ሺሕ ዓመት ቢጠጋም፥ በየመንደራችን የሚሰማው ጥያቄ ገና የደቀ መዛሙርቱ ጥያቄ ነው። ጎረቤት ያንሾካሹካል፥ ወላጅ ያፍራል፥ ልጁም እንግዳ በመጣ ቍጥር ወደ ጓዳ ይገባል። አነጋገራችንም ለዚህ ይመሰክራል። ግእዙ ጆሮው የማይሰማውን ሰው ጽሙም ይለዋል፤ የጆሮን እንጂ የልቡናን ጉድለት አይናገርም። በአማርኛችን ግን ጆሮው የማይሰማውንም ዕውቀት የሌለውንም በአንድ ቃል «ደንቆሮ» እያልን ስንጠራ ኖርን፤ እንዲህም አድርገን ልጁ ፊደል ሳይቈጥር ፈረድንበት።

ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ነገር የምትመሰገንበትም፥ ራስዋን የምትመረምርበትም አላት። በቅኔ ቤት፥ በዜማ ቤት፥ በአቋቋምም ቤት ዓይነ ስውሩ ተማሪ ከዓይናማው ጋር አብሮ ተቀምጦ ሲማር ኖሮአል። ትምህርቱ በቃል ነውና መምህሩ ይነግራል፥ ተማሪው ይቀበላል፤ ዓይናማው መጽሐፍ ያነብለታል፥ እርሱም በልቡ የያዘውን በቀጸላ ጊዜ መልሶ ያሰማዋል። ከነዚህም ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ መምህራን ወጥተዋል። ለርሱ ልዩ ክፍል አላስፈለገውም፤ ቤቱ ራሱ ለርሱ የተመቸ ነበርና። ነገር ግን ጆሮው የማይሰማውን ልጅ በጉባኤያችን መካከል ያየነው ስንት ጊዜ ነው? ለዓይነ ስውሩ በሩን የከፈተው የቃል ትምህርት በዚህኛው ልጅ ላይ ዘጋበት። እንግዲህ አንዱ ሰው በአንደኛው ቤት ሊቅ፥ በሌላው ቤት ምስኪን ሊሆን የሚችል ከሆነ፥ ጉድለቱ ሁሉ ከሰውየው ነው ልንል አንችልም፤ ከፊሉ ከበሩ ጥበት ነው።

ይህን የሚያስረዳ ታሪክ አለ። በ4ኛው ምእት ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ዲዲሞስ ገና በሕፃንነቱ ዓይኑ ጠፋ፤ በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ እንደ ተማረ ይነገራል፤ በኋላም በዚያች ከተማ የስመ ጥሩው ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ከብዙ ዘመን በኋላ፥ በ1824 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር፥ ሉዊ ብሬል የተባለ የ15 ዓመት ዓይነ ስውር ፈረንሳዊ በ6 ነጥቦች የሚጻፈውን የዳሰሳ ጽሕፈት አዘጋጀ፤ ዛሬ የአማርኛ ፊደላችንም በዚሁ ይጻፋል። የሁለቱም ዓይን አልተመለሰም፤ ትምህርቱ ግን ወደ ጣታቸው መጣላቸው። ልዩ ትምህርት ማለት በጭሩ ይህ ነው፤ ልጁ ወደ ትምህርቱ መድረስ ሲያቅተው ትምህርቱ ወደ ልጁ ዝቅ ማለቱ ነው።

ሕጉም አልጎደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለነዚህ ልጆች ስፍራ ሰጥቶአል፤ በዚያው ዓመት በእስጳኝ አገር በሳላማንካ ከተማ የተሰበሰቡ የ92 መንግሥታት መልእክተኞች ትምህርት ቤት ሕፃናትን ሁሉ እንዲቀበል ተስማሙ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዝዛል፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አጸደቀች። የቀረው ከወረቀቱ እስከ ክፍሉ ያለው መንገድ ነው።

መንገዱ ይልቁን የሚጠበው በመካከለኛው ደረጃ ላይ ነው። በታችኛው ክፍል ልጁ የለመደው አንድ መምህር አለው፤ ያ መምህር የምልክት ቋንቋ ካወቀ ልጁ አባት እንዳገኘ ይቈጠራል። 7ኛ ክፍል ሲገባ ግን በየክፍለ ጊዜው መምህር ይለዋወጥበታል፤ አንዱ ገብቶ ሌላው ይወጣል፤ ፊቱን ወደ ሰሌዳው መልሶ ሲናገር ልጁ ከንፈሩን እንኳ ማየት አይችልም። አስተርጓሚ ከሌለ በ60 ልጆች መካከል ተቀምጦ ብቻውን ነው። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ፍጻሜ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭት የብዙ ትምህርት ቤቶችን ደጅ ዘጋ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሌላው ልጅ ከወንድሙ ጋር ያጠናል፤ ይህ ልጅ ግን በእጁ የሚያነጋግረውን ብቸኛ ሰው ያጣል።

እንግዲህ እንለያቸው ወይስ እንቀላቅላቸው? አንዳንዶች መለየት ውርደት ነው ይላሉ፤ ሌሎችም መቀላቀል ለሁሉም ጉዳት ነው ይላሉ። ጌታችን ያደረገውን እናስተውል። ጆሮው የማይሰማ አንደበቱም የተያዘ ሰው ባመጡለት ጊዜ ከሕዝቡ ጫጫታ አገለለው፤ ጣቱን በጆሮው አገባ፥ ምላሱን ዳሰሰ፥ ወደ ሰማይም ተመለከተ (ማር. 7፥32-35)። ለማይሰማው ሰው በሚያየውና በሚዳሰሰው ምልክት ነገረው። ነገር ግን በዚያ አልተወውም፤ የተዘጋውን ከፍቶ ከሰው ጋር እንዲነጋገር አደረገው። እጁ የሰለለችውን ሰው ግን ተነሥቶ በመካከል እንዲቆም አዘዘው (ማር. 3፥1-5)። አንዱን ወደ ብቻ፥ ሌላውን ወደ መካከል፤ ለሁለቱም እንደሚጠቅማቸው። ስለዚህ ሕጉ መለየትም መቀላቀልም አይደለም፤ ሕጉ የልጁ ጥቅም ነው፤ መለየት ካስፈለገም ለመመለስ ይሁን።

ከዚህም የተነሣ ልዩ ክፍል ሁሉ በሦስት ጥያቄ ይመዘናል። የክፍሉ መምህር የልጁን ቋንቋ ያውቃልን? ልጁ በዕረፍት ሰዓት ከሌሎቹ ጋር በአንድ ሜዳ ይጫወታልን? ከክፍሉስ ወጥቶ ወደ ሌላ ደረጃ፥ ወይም ወደ እጅ ሥራ የሚሻገርበት ቀን አለውን? የአእምሮ ዕድገቱ የዘገየ ልጅ ጢም እስኪያወጣ ድረስ በዚያው ወንበር የሚቀመጥ ከሆነ፥ ያ ክፍል ስሙ ትምህርት ቤት ቢሆንም ግብሩ ጓዳ ነው።

«የኛ ልጆች ትምህርታቸው ይታወክባቸዋል» የሚሉ ወላጆች አሉ። አሳባቸውን አንንቀውም። ነገር ግን በቅፍርናሆም አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው ጣራ ባፈረሱ ጊዜ ጉባኤው ሳይታወክ አልቀረም (ማር. 2፥1-12)። መምህሩ ግን እምነታቸውን ተመለከተ እንጂ ስለ ጣራው አልተቈጣም። ወንድሙን ለማስገባት ጥቂት መጠጋትን ያልተማረ ልጅ ሒሳብና ሳይንስ ቢያውቅ ምን ይረባዋል?

ካህናት ወንድሞቻችን ሆይ፥ ይህ ሥራ የመንግሥት ብቻ አይደለም። በየትኛው ቤት ልጅ እንደ ተሸሸገ ከመዝጋቢው ይልቅ የንስሐ አባት ያውቃል። ቤት ለመባረክ ስንገባ ጠበል ረጭተን ብቻ አንውጣ፤ በጓዳ ያለውን ልጅ ጠርተን እንባርከው፥ ዕድሜውንም እንጠይቅ፥ ትምህርት ቤት ሄዶ እንደ ሆነም እንመርምር። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የምልክት ቋንቋ ቢማሩ፥ በቅዳሴ መካከል በዝምታ የሚቆመው ልጅ ወንጌል የሚደርሰው ይሆናል።

ለዚያች እናት የዘገየው መልሳችን ይህ ነው። ልጄ ሆይ፥ ጠበሉንም አትተዪ፥ ትምህርቱንም አታስተዪው። አባቱን እኛ እናነጋግረዋለን፤ የትምህርት ዘመኑ ሲከፈትም ከመምህሩ ዘንድ አብረን እንሄዳለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።