«ቀልድ ነው እኮ!» ከማለታችን በፊት

 

የዛሬው መልእክታችን ሰው ሲከፋብን ቶሎ ከአፋችን ስለምትወጣ አንዲት ቃል ነው፦ «ቀልድ ነው እኮ!» እውነት ቀልድ ነበር?

ቀልድ፣ ማስመሰልና ሹፈት ለየብቻ ስም የወጣላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀልድ ሁላችንም የምንስቅበት ነው። ማስመሰል የሰውን ድምፅ፣ አነጋገር ወይም አካሄድ መቅዳት ነው፤ ለመማርም ይሆናል፣ ለማዋረድም ይሆናል። ሹፈት ግን ሰውየውን ራሱን መሳቂያ ማድረግ ነው። ስልካችን ላይ ሦስቱ ተደባልቀውብናል። አላህ ዘንድ ግን አልተደባለቁም።

የደቡብ ቆላ ከተሞቻችንን አስቡ፦ ነጌሌ ቦረናን፣ ፊልቱን፣ ዶሎን፣ ያቤሎን፣ ሞያሌን። በአንድ የከብት ገበያ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ ይሰማል። ሞያሌ ላይ ስዋሂሊም ይጨመራል። መስጂድ ስንገባ ደግሞ እነዚህ ሁሉ አንድ ሶፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። እዚህ አገር ብዙ ሰው አፉን ባልፈታበት ቋንቋ እየተናገረ ነው የሚውለው።

በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ አፋቸውን የፈቱ አባት «ዘይት» ለማለት «ሰይት» ሊሉ ይችላሉ። «ዘ» በሁለቱም ቋንቋዎች የነበረ ድምፅ አይደለምና። ሶማሊኛ «ፐ» ስለሌለው ፖሊሱ «ቦሊስ» ይሆናል። የአማርኛ ተናጋሪው ተራ ሲደርስስ? የኦሮምኛዋ «ዸ» ታንገዳግደዋለች። ቁርኣን ሲቀራ ደግሞ የዐረብኛዋ ዐይን ታስቸግረዋለች። ፊደላችን ሀ፣ ሐ፣ ኀ ብሎ ቢለያያቸውም አፋችን አንድ አድርጓቸዋል። ታዲያ ማን በማን ይስቃል? ያ ሰው የተንገዳገደው ወደ እናንተ ቋንቋ ስለመጣ ነው። በራሱ ቋንቋ ቢቀር ኖሮ እናንተ ነበራችሁ የምትንገዳገዱት።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ ሕዝብ በሕዝብ፣ ሴቶችም በሴቶች እንዳይሳለቁ ከልክሏል። ምክንያቱንም ነግሮናል፦ የተሳለቁባቸው ሰዎች ከሚሳለቁት የተሻሉ ሊሆኑ ይችላሉ። እዚያው ላይ መነቃቀፍንና በመጥፎ ቅጽል ስም መጠራራትን ከልክሏል።

ሙሳ (ዐ.ሰ) አላህ የምላሳቸውን ቋጠሮ እንዲፈታላቸው ዱዓ ማድረጋቸው በሱረቱ ጧሃ ተነግሯል። በሱረቱ ዙኽሩፍ ደግሞ ፈርዖን ሙሳ ንግግሩን በቅጡ አይገልጽም እያለ በሕዝቡ ፊት ሊያሳንሳቸው ሲሞክር እናገኘዋለን። በሰው አነጋገር መሳለቅ የማን መንገድ እንደሆነ አስተውሉ!

ታዲያ መሳቅ ሐራም ነው ወይ? አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይቀልዱ ነበር፤ ግን ከእውነት አይወጡም ነበር። አንድ ሰው የሚጋልበው እንስሳ ሊጠይቃቸው መጣ። የግመል ልጅ ላይ እንደሚያስቀምጡት ሲነግሩት ግራ ገባው፤ ግልገል ምን ያደርግለታል? ረሱልም ትልቁም ግመል ቢሆን የግመል ልጅ መሆኑን አስታወሱት። ይህን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ግመል ለሚያውቅ የቆላ ልጅ ይህች ቀልድ ማብራሪያ አያስፈልጋትም። ሰውየው ፈገግ ብሎ ይሄዳል፣ ክብሩም አብሮት ይሄዳል።

ማስመሰልን በተመለከተ ግን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አንድ ጊዜ የአንድን ሰው ሁኔታ ለረሱል አስመስላ ስታሳይ፣ እሳቸው ብዙ ነገር ቢሰጣቸው እንኳ ሰውን እንዲያ ማስመሰል እንደማይወዱ ነገሯት። ይህም በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ ተዘግቧል። ዛሬ የምናስመስለው ለአንድ ሰው አይደለም፤ ቪዲዮ ቀርጸን ለማናውቃቸው ሺዎች ነው።

አሁን ደግሞ ተሰጥኦው ላላችሁ፣ የሰውን ድምፅ ቁጭ ማድረግ ለምትችሉ የአቡ መሕዙራን ታሪክ ላስታውሳችሁ። ነሳኢና ኢብን ማጃህ ዘግበውታል። ረሱል ከሑነይን ሲመለሱ አዛን ተደረገ። አቡ መሕዙራና ጓደኞቹ ገና ወጣቶች ነበሩ፤ አልሰለሙም ነበር። ራቅ ብለው አዛኑን እያስመሰሉ አላገጡ። ረሱል ሰሙ፤ አስጠሯቸውም። ቁጣ ይጠበቅ ነበር፤ እሳቸው ግን ያማረው ድምፅ የማን እንደሆነ ለዩ። ከዚያም አዛኑን ራሳቸው ቃል በቃል አስተማሩት፣ በእጃቸው ዳበሱት፣ በረካ ለመኑለት። እሱም የመካ ሙአዚን ሆነ። ድምፁ ያው ነው፣ የመቅዳት ችሎታውም ያው ነው። የተለወጠው ለምን እንደሚጠቀምበት ብቻ ነው።

ሹፈት ምን እንደሚያጠፋ እናስብ። ከገጠር የመጣች ተማሪ አንዴ ከተሳቀባት ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም። ሕመማቸውን በተሰባበረ አማርኛ የሚናገሩ እናት ሐኪም ፊት ዝም ይላሉ። በጉልምስናው ቁርኣን የጀመረ ሰው ሐለቃውን ይተዋል። ረሱል ግን ቁርኣንን እየተንገዳገደና እየከበደው ለሚቀራ ሰው ሁለት አጅር እንዳለው በቡኻሪና ሙስሊም ሐዲስ ነግረውናል። አላህ ሁለት አጅር የሰጠውን ሰው እኛ ቀርጸን እንለጥፈዋለን?

ስለዚህ ቪዲዮውን ከመልቀቃችሁ በፊት ጠይቁ። ሰውየው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ቢያየው አብሮኝ ይስቃል? ዘሩንና አነጋገሩን ባወጣለት የሚያስቅ ነገር ይቀረዋል? መልሱ «አይ» ከሆነ ሹፈት ነው፤ ተዉት። የለጠፋችሁትን አጥፉ። የሰው ሐቅ ነውና ሂዱና አውፍ በሉኝ በሉ። ሌላው ያላገጠበትን ስታዩም የሳቅ ምልክት አታስቀምጡ፤ ዱቄቱ ላይ ውሃ የሚጨምረው እሱ ነው።

ማስመሰል ካማራችሁ ደግሞ የጎረቤታችሁን ቋንቋ ለመማር አስመስሉ። ነጌሌ ላይ «ዸ»ን፣ ፊልቱ ላይ ሶማሊኛውን በትክክል ለማለት ሞክሩ። ስትሳሳቱ ያርሟችሁ፤ አብራችሁም ሳቁ። ያ ሳቅ ሐላል ነው፣ ልብም ያቀራርባል።

አላህ ምላሳችንን ከሹፈት፣ ጣቶቻችንን ሰውን ከማዋረድ ይጠብቅልን። ድምፃችንን እንደ አቡ መሕዙራ ድምፅ ለኸይር ያድርግልን። አሚን።

ጁምዓ ሙባረክ!