ይሁዳን ማን ይጫወት?

አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ይታሰብ። ለሰሙነ ሕማማት ጭውውት ሊዘጋጅ ነው። አግዳሚ ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል፤ አስተባባሪው ከደብተር የተገነጠለ ሉክ ይዞ የገጸ ባሕርያቱን ስም ያነባል። ‹ጴጥሮስ› ሲል ሦስት እጅ ይወጣል። ‹ዮሐንስ› ሲል አምስት። ‹ጲላጦስ› ሲልም ነጠላውን እንደ ሮማ ካባ ሊያጣፋ የቋመጠ አንድ ጎረምሳ አይጠፋም። ‹ይሁዳ› ሲል ግን ሁሉም የጫማውን ጫፍ ማየት ይጀምራል። በመጨረሻ ድርሻው ወይ በጨዋታ አዋቂው ልጅ ላይ ይወድቃል፣ ወይ በዚያ ቀን በቀረው። ከፋሲካ በኋላም ሰፈሩ ‹ይሁዳ መጣ› እያለ ይከርማል።

ሳቁ ሳቅ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን የዋዛ አይደለም። የሌላውን ቃል በአፉ የተናገረ፣ የሌላውን ኃጢአት በእጁ የሠራ ልጅ፣ ጭውውቱ ሲያበቃ ከዚያ ሁሉ ምን ያህሉ አብሮት ይቀራል? ድራማ እንደ ሒሳብና እንደ ታሪክ ራሱን ችሎ በሁለተኛ ደረጃ ይሰጥ ሲባል አብዛኛው ክርክር ስለ እንጀራ ነው፤ ‹ተምሮ ምን ሊበላ?› ይላል ወላጅ። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ከእሱ በፊት ሃይማኖተኞችና ፈላስፎች ሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ሲያነሡት ሲጥሉት የኖሩት አንድ ነገር አለ፤ ገና የራሱ ጠባይ ያልጠና ልጅ ሌላ ሰው መሆንን ሊለማመድ ይገባዋልን?

አጥብቆ የፈራው ፕላቶ ነው። በ‹ሪፐብሊክ› ሦስተኛ መጽሐፍ፣ የከተማዋ ጠባቂ የሚሆኑት ወጣቶች ምን ይማሩ እያለ ሲመክር ማስመሰልን በጥብቅ ይገድባል። ፈሪን አይምሰሉ፤ ሰካራምን፣ እብድን፣ ምጥ የያዛትን ሴት አይምሰሉ ይላል። የፈረስን ማሽካካት፣ የኮርማን ማግሳት፣ የወንዝን ፏፏታ፣ የነጎድጓድን ድምፅ ሳይቀር ይከለክላል። ከልጅነት ጀምሮ የተደጋገመ ማስመሰል ውሎ አድሮ በሰውነትም በድምፅም በሐሳብም ሥር ሰድዶ ተፈጥሮ ይሆናል ባይ ነው። የእኛ ሰው ይህንኑ ነገር ከአህያ ጋር ስለዋለችው ጊደር በሚተርተው ተረት በአንድ መስመር ይጨርሰዋል።

የሚያስገርመው፣ ይህን የጻፈው ሰው ራሱ በስሙ አንድ ቃል አለመናገሩ ነው። መጽሐፉን የሞላው በሶቅራጥስ አፍ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ ደግሞ ‹ፍትሕ ማለት ለብርቱው የሚበጀው ነው› የሚለውን ትራሲማኮስን አቁሞ፣ ክርክሩን ከቁጣውና ከላቡ ጭምር ጽፎለታል። ክፉውን በደንብ መጫወት ምን እንደሚጠይቅ ፕላቶ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ምናልባት የፈራውም ለዚሁ ይሆናል።

በወንጌል ‹ግብዝ› ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃልም ከዚያው መንደር የመጣ ነው። ‹ሂፖክሪቴስ› በአቴና የመድረክ ተዋናይ መጠሪያ ነበር። ይህን የሰማ ሰባኪ ‹ይኸው፣ ተዋናይነት ግብዝነት ነው› ለማለት ይቸኩላል። ነገር ግን በማቴዎስ ወንጌል በዚህ ቃል የተወቀሱት ቴአትር ቤት የሚሠሩት አይደሉም፤ ሰው እንዲያያቸው በአደባባይ ማዕዘን ቆመው የሚጸልዩት ናቸው። ተዋናይ ሲወጣ መጋረጃው፣ መብራቱ፣ በር ላይ የተቆረጠው ትኬት ሁሉ ‹ይህ ሰው እሱ አይደለም› ብለው ይመሰክሩለታል። ግብዙ መጋረጃ የለውም። ውሸት የሚሆነው ሰሚው ሳያውቅ ሲታለል ነው፤ አውቆና ከፍሎ የተቀመጠን ተመልካች ማን አታለለው?

ይህ መልስ ግን ተመልካቹን እንጂ ልጁን አያድንም። ስለ ልጁ የጠየቀው ራሱ ያንን ልጅ የነበረ ሰው ነው።

አውግስጢኖስ በ354 እ.ኤ.አ. ዛሬ አልጄሪያ በምትባለው አገር፣ ታጋስቴ በተባለች ከተማ ተወለደ። በ‹ኑዛዜ› መጽሐፉ የተማሪነት ዘመኑን ሲያወሳ፣ የዛሬ የድራማ መምህር ቢያነበው ‹ይህማ የእኔ ክፍል ነው!› የሚያሰኝ አንድ የክፍል ሥራ ይተርካል። ሥራው ይህ ነው፦ የሮማውያን አምላክ ዩኖ የትሮይን ንጉሥ ከኢጣልያ ማስቀረት አቅቷት ተቆጥታለች፣ አዝናለችም፤ ተማሪው ያኔ ምን ባለች እንደነበር በራሱ ቃል ይናገር። በግጥም የተጻፈውን ወደ ስድ ንባብ መልሶ፣ ለአምላኪቱ ክብር በሚመጥን ቁጣ። ጥሩ የሠራ ይመሰገናል፤ ያበላሸ ይገረፋል። አውግስጢኖስ ከእኩዮቹ ሁሉ በላይ ተጨበጨበለት።

ልጁ አድጎ የሂፖ ጳጳስ ሆነና ያን ጭብጨባ ሲያስታውሰው አዘነ። በዚያው ዕድሜው ቬርጂል የጻፈላትን ዲዶን፣ ስለ ፍቅር ራሷን የገደለችውን ንግሥት፣ እያነበበ አልቅሶላት ነበር፤ ከእግዚአብሔር ርቆ እየሞተ ስለነበረው ስለ ራሱ ግን ዐይኑ አልረጠበም። ካርታጎ ሲደርስ ደግሞ ቴአትር ወዳድ ሆነ፤ እዚያም አንድ ነገር ከነከነው። ተመልካቹ ለሚያየው ሥቃይ እጁን እንዲዘረጋ አይጠየቅም፤ እንዲያዝን ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ባዘነም ቁጥር ተደስቶ ይወጣል። ይህ ምን ዓይነት ምሕረት ነው?

ከፕላቶ ፍርሃት ይልቅ የአውግስጢኖስ ክስ ይከብዳል። አዳራሽ ሙሉ ሰው እያለቀሰለት የጎዳና ልጅ ሆኖ የሚጫወት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አለ፤ ከመድረክ ወርዶ ከግቢ ሲወጣ በር ላይ ማስቲካ የሚሸጠውን ልጅ በክርኑ ገፋ አድርጎ ያልፋል። ማታ ቤቱ ሲገባ እናቱ ‹እንዴት አስለቀስከን!› ብላ ትስመዋለች። እንባው እውነተኛ ነበር፤ የማንንም ሆድ ግን አልሞላም። ይህን ሳይመልሱ ‹ድራማ ርኅራኄን ያስተምራል› ብሎ በሥርዓተ ትምህርት መግቢያ ላይ መጻፍ ቀላል ነው።

ሆኖም አውግስጢኖስን በራሱ መጽሐፍ መሟገት ይቻላል። የገዛ ነፍሱን ጩኸት ያን ያህል ድምፅ ሰጥቶ የጻፈ ሰው፣ ድምፅ መስጠትን የት ተማረው? ለዩኖ የተዋሰው አንደበት ነው ኋላ ለንስሐው ያገለገለው።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራሷ በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ልብ ነበረች። ኢየሱሳውያን በ1599 እ.ኤ.አ. ባወጡት የትምህርት ሕጋቸው ቴአትርን በትምህርት ቤቶቻቸው ፈቅደዋል፤ በላቲን ይሁን፣ ከስንት አንዴ ይሁን፣ ጉዳዩም መንፈሳዊ ይሁን፣ የሴት ገጸ ባሕርይና የሴት ልብስ አይግባበት ብለው። ፓሪስ በሚገኘው ትምህርት ቤታቸው ከተማሩት አንዱ የተውኔት ደራሲውና ተዋናዩ ሞሊየር ነው። ያው ሞሊየር በ1673 እ.ኤ.አ. ሲሞት ተዋናይ በመሆኑ ቄሱ በክብር አልቀብርም አለ፤ ንጉሡ ሉዊ 14ኛ ገብተውበት በሌሊት ተቀበረ። ልጅን በመድረክ አሳድጎ አዋቂውን ከመቃብር መከልከል!

ወደ አገር ቤት ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጥማል። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከሩሲያ ትምህርታቸው ተመልሰው በ1910ዎቹ ዓ.ም. ‹ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ›ን ጻፉ። መድረክ ላይ የሚናገሩት አራዊት ነበሩ፤ ፕላቶ የከለከለው የእንስሳ ድምፅ ማለት ነው። ታዳሚዎቹ መኳንንት ከአውሬው ቆዳ ሥር ራሳቸውን አዩና ነገሩ ሳይጥማቸው ቀረ፤ ቴአትሩ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ከ1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥና በዓል ወዲህ ሲመለስ የተጠለለው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ተዋናዮቹ ተማሪዎች፣ ደራሲዎቹ መምህራን ሆኑ። አማርኛ ቴአትር ከክፍል ወጥቶ ወደ ቴአትር ቤት ሄደ እንጂ ከቴአትር ቤት ወደ ክፍል አልገባም። ኋላ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ብዕሩን ያሟሸው የአምቦ ተማሪ ሳለ ለትምህርት ቤቱ መድረክ በጻፈው ተውኔት ነው።

ከእነዚያ መምህራን መካከል ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ሰው፣ የጎጃም የቅኔ ባለሙያ ነበር። ኋላ የተነሣው መንግሥቱ ለማም የቅኔ ሰው ነበር፤ የአለቃ ለማ ልጅ፣ ቅኔ ቤት የገባ፣ ኋላ ‹ጠልፎ በኪሴ›ን ጽፎ ተመልካችን በሳቅ ያፈረሰ። እነዚህ ሰዎች ማስመሰልን ከአውሮፓ ቢያዩትም ለማስመሰል እንግዳ አልነበሩም። የቅኔ ተማሪ ቀን ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲቆጥር ይውልና ማታ ለመምህሩ ይነግራል። የቆጠረው ሰምና ወርቅ ነው። ምሳሌው ከአንጥረኛ ቤት የመጣ ነው፤ አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በለቀቀው ቦታ ወርቁ ይፈሳል።

ለጥያቄያችን መልስ የሚሆን ነገር ካለ፣ ከፕላቶም ከአውግስጢኖስም ይልቅ እዚህ አንጥረኛ ቤት ያለ ይመስላል። ሰሙ ውሸት አይደለም፤ የሰማ ሁሉ ወርቁን እንደሚፈልግ ያውቃል። ግን ሰሙ ካልቀለጠ ወርቅ የለም። ይሁዳን የተጫወተ ልጅ ይሁዳነቱ ካልቀለጠለት፣ ፕላቶ እንዳለው ቅርጹ አብሮት ይደርቃል፤ አልያም አውግስጢኖስ እንዳለው አልቅሶ፣ ተጨብጭቦለት፣ ባዶውን ይወጣል። በትምህርትነት የሚሰጥ ድራማ ከትምህርት ቤት ክበብ ድራማ የሚለየውም በማቅለጡ ላይ ነው፤ ወይም ሊለይ ይገባዋል።

የክበብ ድራማን የሚያውቅ ያውቀዋል። የወላጆች ቀን ደርሷል፣ ወይም የዓለም የኤድስ ቀን። ሰካራም አባት እየተንገዳገደ ይገባል፣ ሚስቱን ይመታል፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ ጎረቤት ሽማግሌ ይመጣል፣ ይመክረዋል፣ አባት ያለቅሳል፣ ‹ከዛሬ ጀምሮ› ይላል፣ ጭብጨባ። የሚጠየቀው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ‹መልእክቱ ምንድን ነው?› በደርግ ዘመን የቀበሌ ኪነት ቡድኖችም ጉዳዩ ይለወጥ እንጂ ስልቱ ይኸው ነበር። ወርቁ መጀመሪያውኑ ፊት ለፊት ተነግሮ ስላለቀ ሰሙን የሚያቀልጥ እሳት አያስፈልግም። ሰካራሙን የተጫወተው ተማሪ ስለ ሰካራም የሚያውቀው መንገዳገዱን ነው። ሰውዬው ከመጠጡ በፊት ምን እንደነበር፣ ወደ ቤቱ በር ሲቃረብ ምን እንደሚያስብ ማንም አልጠየቀውም። ፕላቶ ቢያየው ‹ይህን ነው የፈራሁት› ይል ነበር፤ ላይ ላዩን፣ ድምፁንና እርምጃውን ብቻ መቅዳት።

በሌላ መንገድ የሄደች አንዲት የድራማ መምህርት ነበረች። ዶሮቲ ሂዝኮት በእንግሊዝ ዮርክሸር የተወለደች፣ በ14 ዓመቷ ትምህርት አቋርጣ የሱፍ ፋብሪካ ሸማኔ የሆነች ናት። የፋብሪካው ባለቤት ከፍሎላት ቴአትር ተማረች፤ ካልተሳካልሽ ማሽኖችሽ ይጠብቁሻል ብሏት ነበርና፣ ቢቢሲ በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ እሷ የሠራው ፊልም ‹ሦስት የሽመና ማሽኖች እየጠበቁ ነው› የሚል ርእስ ተሰጠው። በፊልሙ ውስጥ በጥፋት ምክንያት በተለየ ትምህርት ቤት የተቀመጡ ወንዶች ልጆች የጦር ምርኮኞች ሆነው ይታያሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ለጠላት ወሬ አቀባይ ነው። ይሁዳ እዚህም አለ! ግን ተመልካች የለም፣ የተሸመደደ ቃል የለም። ሂዝኮት ራሷ ገጸ ባሕርይ ሆና ከልጆቹ ጋር ትገባለች፤ ሲሻት ጨዋታውን አቁማ ‹አሁን ምን ሆነ?› ትላለች። ሰሙን የምታቀልጠው በዚህ መሀል ነው። እነዚያ ልጆች ስለ ክህደት ስብከት ብዙ ሰምተው እንደሚሆን አያጠራጥርም፤ ከውስጥ ሆነው እንዲያዩት የጠየቃቸው ግን ጥቂት ይሆናል።

ዛሬ እንግሊዝ አገር ድራማ ተማሪዎች በ16 ዓመታቸው ገደማ በሚወስዱት የጂሲኤስኢ ፈተና ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ተማሪው ከጓደኞቹ ጋር የራሱን ተውኔት ይፈጥራል፣ ከተጻፈ ተውኔትም ይጫወታል፤ ስለሠራውም በጽሑፍ ያብራራል። ተማሪ የሚጠላው ይህን የመጨረሻውን ይሆናል። የሚቀልጠው ግን እዚያ ነው፤ ‹ለምን እንዲህ ቆምክ? ለምን ዝም አልክ?› ሲባል።

አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍ። ሃይማኖቱ ለጣዖት መስገድን ወይም ስመ እግዚአብሔር እየጠሩ መማልን በጨዋታ እንኳ የማይፈቅድለት ተማሪ አለ። ‹ድራማ ነው እኮ!› ብሎ ማለፍ ያን ልጅ መናቅ ነው። እሱ ከክፍሉ ሁሉ በላይ ጉዳዩን የገባው ሊሆን ይችላል፤ ቃል ኃይል እንዳለው ያምናልና። ሌላ ድርሻ ይሰጠው፣ እምቢታው ግን ለውይይት ይቅረብ። ከዚህ የተሻለ የድራማ ትምህርት የት ይገኛል?

ወደ አዳራሹ እንመለስ። ይሁዳ ተገኝቷል፤ ያ ጨዋታ አዋቂ ልጅ ነው። ልምምዱ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሊቀ ካህናት የሆነው ልጅ የተጠቀለለ ጨርቅ ይሰጠዋል፤ ውስጡ የለስላሳ ቆርኪ ነው፣ እንደ ሠላሳው ብር። ጽሑፉ ላይ ‹ተቀብሎ ይወጣል› ነው የሚለው። ልጁ ግን አልወጣም። መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ጨርቁን ፈታና ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረ። ሌሎቹ ሳቁ። አስተባባሪው አስቆመው።

‹ለምን ቆጠርከው? ጽሑፉ ላይ የለም እኮ።›

ልጁ ቀና አለ፤ እጁ አሁንም ቆርኪው ላይ ነው። ‹እንዳያታልሉኝ ነዋ፣ ጋሼ።›