ሁለት ሞተር፣ አንድ ቀን

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. የፍልሰታ ጾም የተያዘበት ዕለት ነበር። በዚያ ቀን አንዲት መንታ ሞተር አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነስታ ወደ ምዕራብ አቀናች። ትዊን ኦተር ይሏታል፤ ካናዳ ሠራሽ ናት፣ አጭር መንደርደሪያ ይበቃታል፣ ሣርም ጠጠርም ሳትመርጥ ታርፋለች። ውስጧ 16 ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ የሂውስተን ሕዝብ መርጦት የአሜሪካ ምክር ቤት የገባው፣ የምክር ቤቱን የረሃብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ የሚመራው ሚኪ ሌላንድ ነው። የሚሄዱት ጋምቤላ ውስጥ ወዳለው ፉኝዶ፣ የሱዳን ስደተኞች ወደሰፈሩበት ካምፕ ነበር። ክረምት ነው፤ አየሩ ከፍቷል። አውሮፕላኗ ሳትደርስ ቀረች።

ፍለጋው ቀናት ፈጀ። ከደርግ መንግሥት ጋር እንደ ዓይጥና ድመት ይተያዩ የነበሩት አሜሪካኖች ሳይቀሩ የጦር አውሮፕላኖቻቸውን በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ለፍለጋ አሰማሩ። ነሐሴ 7 ቀን ስብርባሪዋ ተራራ ላይ ተገኘ። አሜሪካዊ ይሁን ኢትዮጵያዊ፣ የተረፈ ሰው አልነበረም።

ያ ዓመት የባተውም በአውሮፕላን ሐዘን ነበር። መስከረም 5 ቀን 104 ሰዎች ያሳፈረ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሳ የርግብ መንጋ ገጠመው፤ ወፎቹም በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። 35 ሰዎች ሞቱ። ሁለተኛ ሞተር የሚገጠመው አንዱ ቢከዳ ሌላው እንዲያደርስ ነው። መንጋ ግን ግራና ቀኝ አይመርጥም፤ ተራራም ሞተር አይቆጥርም።

ለቅሶ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ነው። መልሱ አጭር ነው፦ መኪና፣ ጉበት፣ አውሮፕላን። ትንሽ ቆይቶ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ሰበብ ነው እንጂ ቀኑ ደርሶ ነው» ይላሉ፤ ቤቱም ራሱን ይነቀንቃል። አማርኛ እዚህ ላይ ሁለት ቃል አዘጋጅቷል። «ምክንያት» ነገሩን ያመጣው ነው። «ሰበብ» ግን አይቀሬው ነገር የገባበት በር ነው፤ ያ በር ቢዘጋ በሌላ መምጣቱ አይቀርም የሚል ሐሳብ በውስጡ አለ። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ አውሮፕላን ሲወድቅ የተሰበረው ብረት፣ የተሳሳተው እጅ፣ የጠቆረው ደመና ሰበብ ነው ወይስ ምክንያት?

ይህን ጥያቄ በጎተራ የጠየቀ ሕዝብ አለ። እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባሕል አጥኚ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ በሱዳን ምድር ስላገኛቸው አዛንዴዎች ይተርካል። ፀሐይ ስትበረታ ሰዎች ከጎተራ ሥር ይጠለላሉ። ምስጥ የበላው ምሰሶ አንድ ቀን ይከዳና ጎተራው የተቀመጡትን ይጫናል። አዛንዴዎች ምስጥ እንጨት እንደሚበላ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሰዎቹ ለምን እዚያ እንደተቀመጡም ያውቃሉ፤ ጥላ ፍለጋ ነው። ያልተመለሰላቸው ጥያቄ አንድ ነው፦ ጎተራው ለምን እነዚህ ሰዎች በተቀመጡበት ሰዓት፣ በእነዚህ ሰዎች ላይ ወደቀ? እነሱ «ጥንቆላ» ብለው ይመልሳሉ። የእኛ አዛውንት «ቀን» ይላሉ። የአደጋ መርማሪው ደግሞ ባትሪውን አብርቶ ወደ ምስጡ ያጎነብሳል።

ምስጡ በቅርብ ሲታይ ብዙ ይናገራል። አንድ ሞተር ሲጠፋ የጠፋው ግማሽ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ትንሽ አውሮፕላን ከፍታዋን ሳትለቅ ለመሄድ ብቻ ከጉልበቷ ትልቅ ድርሻ ትጨርሳለች፤ ወደ ላይ የምትወጣው በትርፉ ነው። አንዱ ሞተር ሲቆም በመጀመሪያ የሚሄደው ያ ትርፍ ስለሆነ የመውጣት አቅሟ በ80 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወርዳል። ደመወዙ በግማሽ ተቆርጦ የቤት ኪራዩ ያልተቀነሰለት ሰው ሒሳቡ ቶሎ ይገባዋል።

ደጋ ላይ ደግሞ ይብሳል። ለሥልጠና በብዛት የምታገለግለው ፓይፐር ሴሚኖል በአንድ ሞተር ልትቆይ የምትችልበት ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 3,800 ጫማ ገደማ ነው። የቦሌ መንደርደሪያ ራሱ ያለው 7,600 ጫማ ገደማ ላይ ነው። እንዲህ ያለች አውሮፕላን ከቦሌ ተነስታ አንድ ሞተር ቢጠፋባት፣ ሁለተኛው ቀስ እያለ ወደ መሬት ያወርዳታል እንጂ አያወጣትም።

የቀረው ሞተር ጣጣ በዚህም አያበቃም። በአንድ ክንፍ በኩል ብቻ ስለሚስብ አፍንጫዋ ወደ ሞተው ጎን ይዞራል። አብራሪው የተቃራኒውን ጎን ፔዳል አጥብቆ ረግጦ ይመልሳታል። ፍጥነቷ ከልክ በታች ከወረደ ግን ፔዳሉ ቢረገጥም ጭራዋ አይታዘዝም፤ በጀርባዋ ትገለበጣለች። ያቺ ልክ በፍጥነት መለኪያው ላይ በቀይ መስመር ተሠምራለች፤ በአንድ ሞተር በተሻለ የምትወጣበት ፍጥነት ደግሞ በሰማያዊ። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። አብራሪዎች መራራ ቀልድ አላቸው፤ ሁለተኛው ሞተር የሚጠቅመው እስከ አደጋው ቦታ ለመድረስ ነው ይላሉ።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2019 ከዳላስ አጠገብ፣ አዲሰን ከተማ፣ ኪንግ ኤር 350 የተባለች አውሮፕላን 10 ሰዎች ይዛ ተነሳች። ገና ከመሬት እንደለቀቀች የግራ ሞተሯ ጉልበት አጣ። መረገጥ የነበረበት የቀኙ ፔዳል ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መረጃውን ሲያሰላ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የተረገጠው የግራው እንደነበር ደረሰበት። አውሮፕላኗ ተገልብጣ ሃንጋር ውስጥ ገባች፤ አንድም ሰው አልተረፈም። ሞተሩ ለምን ጉልበት አጣ ለሚለው ግን ቦርዱ መልስ አላገኘም። የምክንያት ሰንሰለት እንዲህ ነው። መርማሪው አንዱን ቀለበት ይዞ ወደሚቀጥለው፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ አንድ ቦታ ላይ ግን እጁ ባዶ አየር ይጨብጣል።

አንዳንዴ ሰንሰለቱ እስከ ጫፉ ይታያል፤ ሲታይም ከተሰወረው የባሰ ያማል። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ኢንዲያና ግዛት ኮኮሞ ከተማ፣ ኤሮስታር የምትባል የቤንዚን ሞተር ያላት መንታ አውሮፕላን ነዳጅ ልትሞላ ቆመች። ነዳጅ ቀጂው ቅርጿን አይቶ የጄት ነዳጅ የምትጠጣ መሰለችው። አብራሪውን ጠየቀው፤ አዎ አለው። የጄት ነዳጅ ቧንቧ አፉ ሆን ተብሎ ሰፋ ብሎ ይሠራል፤ በቤንዚን ቀዳዳ እንዳይገባ። አልገባምም። ቀጂው ቧንቧውን አዘንብሎ ከቀዳዳው በላይ ያዘው፤ ጥቂት ነዳጅ ክንፉ ላይ ፈሰሰ፤ ከዚያ ግን ጋኑ ሞላ። አውሮፕላኗ ከተነሳች ብዙም ሳትርቅ አኩሪ አተር ማሳ ላይ ወደቀች። አብራሪው ብቻውን ነበር፤ ሞተ። ሁለት ሞተሮች ከአንድ ስህተት ጠጥተዋል።

የዚያ ሰው ቀን የደረሰው መቼ ነው? አዎ ሲል? ቧንቧው አልገባም ሲል? ነዳጁ ክንፉ ላይ ሲፈስ? በሩ ደጋግሞ ለመዘጋት ሞክሯል። «ሰበብ» ብሎ ማለፍ ያ ቧንቧ በዚያ ስፋት እንዲሠራ የደከመውን ሰው ድካም ከንቱ ማድረግ ነው።

ይህን የሚለው እምነት የሌለው ሰው ብቻ አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ በሰሊሆም የነበረ ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች መግደሉ ይነሳል። ሰዎቹ ከሌላው የኢየሩሳሌም ነዋሪ ይልቅ ኃጢአተኞች ስለነበሩ ነው የሚለውን ሐሳብ ኢየሱስ አይቀበለውም፤ ነገሩን ወደ ሰሚዎቹ ሕይወት ያዞረዋል። ልብ ብሎ ላየው፣ ከሟች ሬሳ ላይ ፍርድ ማንበብ እዚያ ላይ ተከልክሏል። ግንቡን ማን እንደሠራው፣ ጭቃው ምን ያህል እንደደረቀ ግን ወንጌሉ አይናገርም፤ ያ የሌላ ባለሙያ ሥራ ነው።

በእስልምናም በኩል የታወቀ አንድ ሐዲስ አለ። ግመሉን ፈትቶ በአላህ ልመካ ወይስ አስሮ ብሎ ለጠየቀ ሰው የተሰጠው መልስ አስቀድሞ እንዲያስር፣ ከዚያ እንዲመካ ነው። ደስ የሚለው ነገር «ሰበብ» የሚለው ቃል በዓረብኛም መኖሩ፣ የጥንት ትርጉሙም ገመድ መሆኑ ነው። የእኛ አዛውንት ሰበብን ሲያቃልሉት፣ የሐዲሱ ሰው ግን ያንኑ በእጁ ይዞ ግመሉን ያስርበታል።

እዚህ ላይ ሃይማኖትና የአደጋ ምርመራ ባልተጠበቀ ቦታ ይገናኛሉ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በአኔክስ 13 እንደደነገገው የምርመራ ብቸኛ ዓላማ የሚቀጥለውን አደጋ መከላከል ነው፤ ጥፋተኛ መለየት ወይም ተጠያቂ ማድረግ አይደለም። በሰሊሆም የሟቾች ኃጢአት እንዳልተቆጠረ ሁሉ እዚህም በደል አይቆጠርም። የእንግሊዙ የሥነ ልቦና ሊቅ ጄምስ ሪዝን እንዳስረዳው አደጋ የሚያልፈው ወንፊቶች ተደራርበው ቀዳዳቸው ድንገት ሲገጥም ነው፤ አንዱን ወንፊት ትንሽ ገፋ ማድረግ ይበቃል።

ወንፊቱን የሚገፋው ግን ሰው ነው፤ አዛውንቱ ለቅሶ ቤት የተናገሩት ቃልም አደገኛ የሚሆነው ከዚያ ወጥቶ የሻንጣ ሚዛን አጠገብ ሲቆም ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ባሃማስ ውስጥ የ22 ዓመቷን ዘፋኝ አሊያንና ስምንት ሰዎችን ይዛ የወደቀችው ሴስና 402፣ ከተፈቀደላት ክብደት 300 ኪሎ ያህል በልጦባት ነበር። ሻንጣው መሬት ላይ ሳለ ቀኑ የማንም አልነበረም። ሐዘንተኛ እናት ጉልበት ላይ ግን ኪሎ ማንበብ አይቻልም። ሰማያዊ መስመሩ፣ ፔዳሉ፣ የቧንቧው ስፋት ለእሷ ምንም አይነግሯትም። እሷ የምትጠይቀው አዛንዴዎች የጠየቁትን ነው፦ ለምን የኔ ልጅ? አዛውንቱ ይህን የሰሙ ናቸው፤ ቃላቸውም ማብራሪያ ሳይሆን ከአጠገቧ መቀመጥ ነው።

ሚኪ ሌላንድ ፉኝዶ ሳይደርስ ሲቀር ባለቤቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። በተከታዩ ጥር መንታ ወንዶች ልጆች ወለደች። እነዚያ ልጆች አባታቸው ምን ሆኖ እንደሞተ የጠየቁ ቀን ስለ ክረምቱና ስለ ተራራው የሚነግራቸው አይጠፋም፤ ለምን እሱ ሲሉ ደግሞ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። በሂውስተን ትልቁ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የአባታቸውን ስም የያዘ ተርሚናል አለ። ከእሱ በር ላይ ከሚቆም ከእያንዳንዱ አውሮፕላን ሥር፣ ተሳፋሪው ገና ሻንጣውን እየጎተተ ሳለ፣ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ዙሪያውን ይዞራል፤ ሞተሩ ውስጥ ያበራል፣ ጎማውን ያያል፣ ጎንበስ ብሎ የፈሰሰ ነገር ይፈልጋል።