ያልተለካ ቁጥር

በሳይንስና በምህንድስና ተማሪዎች ዘንድ እየተለመደ የመጣው የቤተ ሙከራ ሪፖርት ኩረጃ፣ ማለትም መሣሪያውን ሳይነኩ የጓደኛን ወይም ያለፈውን ዓመት ውጤት ጥቂት አሃዝ ለውጦ ማስረከብ፣ እንደ ወጣትነት ብልጠት መቆጠሩ እጅግ ያሳዝናል። ያልለካውን እንደ ለካ አድርጎ የፈረመ ወጣት በፈጣሪ ፊት በሐሰት መመስከሩን በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በመስጊድ ያደገ ሁሉ ያውቀዋልና፣ ስለዚህ ነገር አለማወቅ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ያልተጣራ ቁጥር የሚያደርሰውን ጥፋት የካናዳው የኩቤክ ድልድይ ያሳያል። የድልድዩ የመካከለኛ ክፍል ርዝመት ከ1,600 ወደ 1,800 ጫማ ከፍ ሲል፣ የድልድዩ የራሱ ክብደት፣ ማለትም ባቡር ሳይወጣበት ብረቱ ብቻ የሚመዝነው፣ በጊዜው እንደገና ባለመሰላቱ፣ የታችኞቹ የብረት አካላት ጎብጠው እ.ኤ.አ. በ1907 ድልድዩ ሲፈርስ 75 ሠራተኞች አለቁ። የድልድዩ መሐንዲሶች የቀድሞውን ግምት አምነው ተዘናጉ እንጂ ቁጥር አልፈጠሩም፤ የዛሬው ኮራጅ ግን ዐውቆ ይፈጥራል። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ብዙ ተመራቂ መሐንዲሶች ሙያቸውን በታማኝነት ሊሠሩ ቃል ገብተው በትንሿ ጣታቸው ቀለበት ያጠልቃሉ፤ ሐሰት ለለመደ እጅ ግን ቀለበት ጌጥ ብቻ ነው።



በጸሐፊው የተማሪነት ዘመን የነበሩ አንድ የኬሚስትሪ መምህር፣ ከመጽሐፉ ጋር ያለ እንከን የተስማማን ውጤት ሳይቆጡ መልሰው፣ ከተማሪው ጋር እስኪመሽ ቆመው እንደገና ያስለኩ ነበር፤ ስሕተት ያለበትን እውነተኛ ልኬት ግን በጥሩ ነጥብ ያከብሩት ነበር። ዛሬ የሸበቱ ተማሪዎቻቸው ሲገናኙ የሚያነሡት ይህንኑ ደግነታቸውን ነው።

ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ በእንዶድ ልብስ በሚታጠብበት አካባቢ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያስተዋሉት ወንዙ ድረስ ወርደው ስለ ተመለከቱ ነው። ቢልሃርዚያ፣ ማለትም ሰውን በውኃ ውስጥ የሚይዘው የጥገኛ ትል በሽታ፣ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ በመሆኑ፣ ያ ምልከታ ለድሃው ገበሬ የሚጠቅም ምርምር ወለደ። ይህን የመሰለ ዕውቀት ከጓደኛ ደብተር አይገለበጥም።

ስለዚህ መምህራን ያልተለካ ሪፖርት ሲቀርብላቸው በይሉኝታ ነጥብ መስጠታቸውን ይተዉ፤ ተማሪውም የተበላሸ ልኬቱን እንደ ተበላሸ ጽፎ፣ የተበላሸበትን ምክንያት ጨምሮ፣ በራሱ ስም ያስረክብ።