የሠሪው ስም

በገና የሚደረድር ሰው ይመሰገናል፤ በገናውን ማን እንደ ሠራው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ በሐዋሳ ከተማ በገና ሊማር የተነሣ ወጣት የመምህሩን ስም ያውቃል፤ እንጨቱን የጠረበውን፥ ቆዳውን የወጠረውን፥ 10ሩን አውታር ከበግ አንጀት የፈተለውን፥ ድምፁም እንዲነዝር እንዚራውን በበርኩማው ላይ ያበጀውን ሰው ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

በአውሮፓ፥ በአንትወርፕ ከተማ፥ ልማዱ ሌላ ነበረ። በ1579 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በቅዱስ ሉቃስ የጥበበኞች ማኅበር የገባው ሐንስ ሩከርስ፥ አውታሩ በላባ ጫፍ እየተነካ የሚጮኸውን ሃርፕሲኮርድ እየሠራ፥ የስሙን ፊደላት በጌጡ ውስጥ ያኖር ነበር። ስሙም እጅግ ስለ ከበረ፥ ከሞተ ከ100 ዓመት በኋላ ሌሎች ሠሪዎች በገዛ ሥራቸው ላይ የእርሱን ስም እያኖሩ በውድ ዋጋ ሸጡ።

እንግዲህ ስም ብቻውን የእውነት ምስክር አይደለም። ነገር ግን የሠሪን ስም መዘንጋት ደመወዙን እንደ መንፈግ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ላይ ዕዳ አለ፤ ሠሪው ስሙ ባይጻፍም እንደሚጻፍ አድርጎ በታማኝነት ይሥራ፤ ሰሚውም ዜማው ልቡን በነካው ጊዜ፥ «ይህን በገና ማን ሠራው?» ብሎ ይጠይቅ።