ለመንገዱ የተሰጠ እንጎቻ

ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረደ ሲሆን፥ የኤልዛቤል ዛቻ በደረሰው ጊዜ ሸሽቶ ወደ ቤርሳቤህ ሄደ። ብላቴናውንም በዚያ ትቶ የአንድ ቀን መንገድ በምድረ በዳ ከተጓዘ በኋላ፥ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን ለመነ (1ኛ ነገ. 19)።

እግዚአብሔር የለመነውን ሞት አልሰጠውም፤ አልገሠጸውምም። በተኛበት በራስጌው እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውኃ አኖረለት እንጂ። በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ቢተኛም መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ ቀሰቀሰው፤ የሚጠብቀው መንገድ ሩቅ ነበርና። ስለ ምን እንደ መጣ የተጠየቀው ከ40 ቀንና ከ40 ሌሊት በኋላ፥ በኮሬብ ነው። እኛ ካህናት ግን ያዘነ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ ይህን ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ እንገለብጠዋለን፤ ሳናጽናናው እንመረምረዋለን።

ደግሞም አስተውሉ፤ ኤልዛቤል ገና በሥልጣኗ ነበረች፤ መንገዱም አላጠረም። የተሰጠው የሚያስኬደው ኃይል ነው። ከእኛ መካከል «ይህ መከራ ይለፍልኝና እቆርባለሁ» የሚል ብዙ ነው። ንስሓ ገብቶ መዘጋጀት የተገባ ነው፤ ማንም በድፍረት ይቅረብ አልልም። ነገር ግን ስንቅ ከመንገድ በኋላ የሚበላ ይመስል፥ ቅዱስ ቍርባንን ለደኅና ቀን ማቆየት ምን ይባላል? ኤልያስ የበላው በበረታ ሰዓት አይደለም፤ መኖር በሰለቸው ሰዓት ነው።

ያዘነው ሰው በቤቱ ደክሞት ተኝቶ ሳለ፥ ዲያቆኑ ገና ሳይነጋ በቤተ ልሔም እሳቱን አንድዶ ኅብስቱን ይጋግራል።